ቀስ ያለው እንግሊዝኛ

ያለምወርቅ ወደ ሱዳን የተሰደደችው ተማሪዎቿን ተከትላ ነው። ሌላውን ሰው ከቤቱ ያስወጣው ጦርነቱና ድርቁ ሲሆን እሷን ያስወጣት ባዶ ክፍል ነበር። ከመተማ ወዲህ ባለች አንዲት የቆላ ቀበሌ ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው በአገዳው ሲደርቅ ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ ወደ ገላባት መውረድ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ስም ስትጠራ «አቤት» የሚላት ድምፅ እየሳሳ ሄደ። አንድ ማለዳ ስም ጠርታ ስትጨርስ አንድም አቤት ያላት አልነበረም። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጠመኔዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠችው። ወዴት ነሽ ቢላት፣ ወደ ክፍሌ አለችው።

ክፍሏን ገሚሱን አገኘችው። ከባሱንዳ ማዶ፣ ጥቁሩ መሬት አፉን ከፍቶ በተሰነጣጠቀበት ሜዳ ላይ የድንኳንና የሳር ጎጆ ከተማ በቅሏል፤ ልጆቹ እዚያ ውስጥ ተበትነው ነበር። ካላገኘቻቸው መካከል አንዳንዶቹ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ በኩል ወዳሉት መጠለያዎች ተወስደዋል አሏት። የአንዳንዶቹ እናቶች ግን ሲያይዋት ፊታቸውን ስላዞሩ አልጠየቀችም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ሰው ዱራ የሚባለው የእርዳታ ማሽላ የሚሰፈርለትን ቀን እየጠበቀ ቁጭ ብሎ የሚውልበት ዘመን ነበር። በዚያ መሀል ነው ትምህርት ቤት የተከፈተው። ትምህርት ቤት ማለት ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት፣ ግድግዳ የሌለው የሳር ዳስ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ መንግስቱ ቀድሞ በወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበሩ፣ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ክራባታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ልጅ ሲጣላ «ክርክሩ ተሰምቷል» ይላሉ፤ ደውል ሲደወል «ችሎቱ ተነሥቷል» ለማለት ምንም አይቀራቸው። ያለምወርቅ ደግሞ ጎንደር በመምህራን ማሠልጠኛ የተማረች፣ ድምፀ መልካም፣ ልጅ አፏን ሲያይ የሚውልላት አስተማሪ ነበረች። ጎጆዋ ከቱርካ ጎጆ ጋር የተጎራበተ ነው። ቱርካ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ሴት ናት፤ የቀረቻት አንድ ልጅ በለጡ የያለምወርቅ ተማሪ ነበረች።

አንድ ቀን የዱራ ጆንያ ከጫነው ሎሪ ላይ አንድ ሣጥን ወረደ። ከሣጥኑ ውስጥ ትልቅ ቴፕ ወጣ። የላከው ከባሕር ማዶ ለስደተኛ ልጆች እንግሊዝኛ በመሣሪያ አስተምራለሁ ብሎ የተነሣ አንድ ድርጅት ነው። ከቴፑ ጋር ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ወጣት ፈረንጅ፣ ሱዳኖች ኸዋጃ የሚሉት፣ መጥቶ አስተማሪዎቹን አሠለጠነ። ሥልጠናው አጭር ነበር። አስተማሪው አዝራሩን ይጫናል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ልጆቹ ከቴፑ የሰሙትን ይደግማሉ። አስተማሪው የራሱን እንግሊዝኛ ከጨመረበት የልጆቹ ጆሮ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቴፑ በሚናገርበት ሰዓት አስተማሪ አይናገርም። ያለምወርቅ እጇን አውጥታ፣ ልጆቹ ያልገባቸው ነገር ቢኖርስ ብላ ጠየቀች። ኸዋጃው ደስ እያለው፣ መልሰሽ አዝራሩን ትጫኛለሽ አላት። በተጨማሪም በቴፑ ውስጥ የሚጠራውን ዕቃ፣ የሚገኝ ከሆነ፣ በእውን ማሳየት ጥሩ ነው ብሎ አሳሰባቸው። ይችን የመጨረሻዋን አቶ መንግስቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

ለሠልጣኞቹ አጨብጭቦላቸው ሄደ። ያለምወርቅ ካሴቶቹን ስትፈትሽ ዋለች። በላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለያየ ነው። ውስጣቸው ግን አንድ ነው። የመጀመሪያውን ስትከፍት አንድ ሰው ምግብ ቤት ይገባል። ሁለተኛውን ስትከፍት ያው ሰው እዚያው ምግብ ቤት ይገባል። ሣጥኑ እስኪያልቅ ሰውየው ያንኑ ምግብ ቤት ሲገባ ዋለ። ስለ ሰላምታ፣ ስለ ስም፣ ስለ ቁጥር የሚያስተምሩት የት እንደቀሩ እግዜር ይወቅ። ላኪዎቹ አንዱን ትምህርት በሁሉም ላይ ገልብጠውት ነበር።

ለአቶ መንግስቱ ነገረቻቸው። አቶ መንግስቱ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ስለ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል እንደሚያስታውቁ፣ እስከዚያው ግን ትምህርት መቋረጥ ስለሌለበት በተገኘው እንዲቀጠል ወሰኑ። የሚመለከተው አካል ባሕር ማዶ ነው።

እንዲህ ሆኖ፣ እንጀራ ካየ የከረመ ልጅ ሁሉ ምግብ ቤት ገብቶ ማዘዝ ተማረ። የካሴቱ ሰውዬ ሲገባ «ጉድ ኢቭኒንግ፣ ኤ ቴብል ፎር ዋን ፕሊዝ» ይላል። ለአንድ ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ፈልጎ ነው። ልጆቹም ስሙን ሚስተር ቴብል አሉት። ሚስተር ቴብል ዓሣ ያዛል። አስተናጋጁ በጣም አዝኖ ዓሣ እንዳለቀ ይነግረዋል። ሾርባ ይመጣለታል። አንድ ጊዜ ቀምሶ «ዌይተር፣ ዚስ ሱፕ ኢዝ ኮልድ» ይላል፤ ሾርባው ቀዝቅዟል ማለቱ ነው። አስተናጋጁ ይቅርታ ጠይቆ ሾርባውን አንሥቶ ይሄዳል። ሙዚቃ ይመታል። በቃ። ሌላ ሾርባ ይምጣለት አይምጣለት አይታወቅም።

መተርጎም ክልክል ነበር። ያለምወርቅ ግን ልጆቹ የማያውቁትን ነገር እንደ ጸሎት ሲደግሙ አንጀቷ አልችል ብሎ ቴፑን አጥፍታ ተረጎመችላቸው። ከተናገረች በኋላ ተጸጸተች። ዓሣው ማለቁን ማንም አልተደነቀበትም፤ ማለቅ የሚያውቁት ነገር ነው። በለጡ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ የመለሰውን ሾርባ ማን ጠጣው?»

ያለምወርቅ አላውቅም አለች። ክፍሉ ግን ተከራከረበት። ደፉት የሚል አንድም አልተገኘ። ብዙዎቹ የተስማሙት አስተናጋጁ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ጠጥቶታል በሚለው ነው፤ ሳይከራከር ቶሎ ይቅርታ ያለውም ለዚህ ነው አሉ። በለጡ ከሁሉም ቀድማ ትምህርቱን አጠናቀቀችው። አፏ ፈጣን ነው፤ የሚስተር ቴብልን እስትንፋስ ሳይቀር ትደግመዋለች።

ችግሩ የባትሪ ድንጋዩ ነበር። ቴፑ ብዙ ድንጋይ ይበላል፤ አብሮት የመጣው ደግሞ አንድ ጉርሻ ብቻ ነው። ያለምወርቅ የመጠለያውን ሙዲር፣ ኃላፊውን አብዱልናስርን፣ ሄዳ ብትጠይቀው፣ ደግ ሰው ነውና ሻይ አስመጥቶላት፣ እንኳን ለቴፑ ለራሱ ሬዲዮም ማፊ ሐጀር፣ ድንጋይ የለም አላት። ስለዚህ ድንጋዮቹን በየጊዜው እያወጣች ፀሐይ ላይ እንደ በርበሬ ታሰጣቸው ነበር። አርፈው ሲያድሩ ጠዋት ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ። ተማሪው ብዙ፣ ቴፑ አንድ በመሆኑ ትምህርቱ በሁለት ፈረቃ ነው የሚሰጠው። ለጠዋቶቹ ሚስተር ቴብል ቀልጠፍ ብሎ ገብቶ ቀልጠፍ ብሎ ያዝዛል። ለከሰዓቶቹ ግን ድምፁ ወርዶ፣ ወፍሮ፣ እያንዳንዱ ቃል ከጉድጓድ እንደሚጎተት ውኃ እየተንቋረረ ነው የሚወጣው። «ጉ...ድ ኢ...ቭ...ኒ...ንግ» ብሎ እስኪጨርስ ዝንብ ከአንዱ ልጅ ዓይን ተነሥታ በሌላው ዓይን ላይ ታርፋለች። ልጆቹም የሰሙትን ነው የደገሙት። አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ከሆዳቸው አውጥተው እንደ በሬ ያጓሩታል።

በዚህ ምክንያት መጠለያው ውስጥ ሁለት እንግሊዝኛ ተፈጠረ። የጠዋቶቹ የከሰዓቶቹን ሰነፍ ናችሁ አሏቸው። የከሰዓቶቹ ደግሞ ትልቅ ሰው ቸኩሎ አይናገርም፤ የእናንተ የልጅ እንግሊዝኛ ነው አሏቸው። ውኃ ሲቀዱ በጀሪካን ተደባደቡ። አቶ መንግስቱ ሁለቱንም ወገን አቅርበው፣ አድምጠው፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ ትክክል እንደሆነ፣ አንደኛው የከተማ፣ ሁለተኛው የገጠር እንደሆነ ፈረዱ። ያለምወርቅ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። አዝራር መጫን ከጀመረች ወዲህ ዝም ማለት እየለመደባት ነበር።

ታዲያ ከድርጅቱ እንግዶች መጡ። የሚመጡት ጠዋት ነው ተብሎ በለጡ ከፊት ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ ድንጋዮቹ ፀሐይ ሲሞቁ ከርመው ተዘጋጅቶ ነበር። መኪናቸው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት የደረሱት ከሰዓት በኋላ ሆነ። አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች አረጋዊት ኸዋጃ ቀድማ ገባች፤ አብዱልናስር ከኋላዋ፣ አቶ መንግስቱ ከጎኗ ናቸው። ሴትዮዋ ወደ አንዱ ልጅ ጎንበስ ብላ ስሙን ጠየቀችው። ስም በካሴቱ ውስጥ የለም። ልጁ ያልተማረውን ስለተጠየቀ ግራ ገብቶት የተማረውን ጀመረ፤ ክፍሉም እንደልማዱ ተከተለው። አጥንታቸው የወጣ ልጆች በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ በወፈረ ድምፅ፣ እንደምን አመሹ አሏት። ለአንድ ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ለመኗት። ዓሣ ጠየቋት። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ እየጎተቱ «ዚ...ስ ሱ...ፕ ኢ...ዝ ኮ...ልድ» አሏት።

ሴትዮዋ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያለምወርቅ ነገሩን ልታስረዳ አንድ እርምጃ ወደፊት ብትራመድ አቶ መንግስቱ በዓይናቸው መለሷት። ቴፑ ገና አልጠፋም ነበር፤ ቴፑ ሳይጠፋ አስተማሪ አይናገርም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከድርጅቱ ትእዛዝ መጣ። የከሰዓቱ ፈረቃ ልጆች ቃል አውጥተው መናገር እስኪያቅታቸው ድረስ በረሃብ ተዳክመዋል ይላል። በተጨማሪም ልጆቹ የሚሰጣቸው ሾርባ ቀዝቃዛ ነው ብለው በአንድ ድምፅ አቤት ስላሉ ሾርባው ባስቸኳይ ትኩስ ይደረግ ይላል። አብዱልናስር ትእዛዙን ይዞ እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። የትኛው ሾርባ ነው? ሲል ጠየቀ። በዚህ መጠለያ ውስጥ ሾርባ ኖሮ አያውቅም፤ የማያውቀውን ሾርባ አቀዝቅዘሃል ተብሎ ሊጠየቅ ነው። ያለምወርቅ ከአቶ መንግስቱ ቀድማ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወተችው። አብዱልናስር ሰምቶ ሲጨርስ ትንሽ አሰበ። ከዚያ የለም ብዬ ብጽፍላቸው አያምኑኝም፤ ሾርባ አለ፣ ማሞቂያ ነው ያጣነው ብል ግን ያምኑኛል አለ። እንዳለውም አደረገ። ማሞቂያ ተላከለት። ትልልቅ ድስት፣ ናፍጣ፣ ቀጥሎም ምስርና ዘይት መጣ፤ ምስሩ የመጣው ድስቱ ባዶውን እንዳይቃጠል ነው ተባለ። ባልነበረው ሾርባ ቅዝቃዜ የተነሣ ሾርባ ተሠራ።

የሚጠጡት ግን የከሰዓቶቹ ብቻ ናቸው። ትእዛዙ እነሱን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። የጠዋቶቹ አቀላጥፈው ስለሚናገሩ እንደጠገቡ ተቆጠሩ።

ቱርካ ያንን ነገር ስትሰማ ወደ ያለምወርቅ ጎጆ መጣች። በለጡን በእጇ ይዛታለች። የልጅቷ ክንድ ከያዛት ጣት አይወፍርም።

«ልጄን አንቺን አምኜ ነው የሰጠሁሽ። ፈጣኑን አስተማርሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ግን ቀስ ያለውን አስተምሪልኝ» አለቻት።

ያለምወርቅ ቀስ ያለው እንግሊዝኛ የሚባል እንደሌለ፣ የድንጋዩ ድካም እንደሆነ ነገረቻት። ቱርካ አዳመጠቻትና፣ ነገሩ ድካም ከሆነ የእኔም ልጅ ድካም አያንሳትም አለቻት። ሌሎቹም የጠዋት እናቶች ከደጃፉ ቆመው ነበር።

ያለምወርቅ አቶ መንግስቱን ልጆቹን ከፈረቃ ፈረቃ እንዲያቀያይሩላት ለመነቻቸው። እሳቸው ይህን የማድረግ ሥልጣን የለኝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ያደረገችውን ለማንም አላማከረችም። ማለዳ፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ባዶው ዳስ ውስጥ ቴፑን መሬት ላይ አስቀምጣ ትከፍተዋለች። ሚስተር ቴብል ሰው በሌለበት ይገባል፤ ዓሣ ያዛል፤ ሾርባ ይመልሳል። ካሴቱን ገልብጣ እንደገና ትከፍተዋለች። እሷ እግሯን አጥፋ ከጎኑ ተቀምጣ ድምፁ እስኪሰንፍ ትጠብቀዋለች። የሠለጠነችበት ሥራ ልጅ እንዲናገር ማድረግ ነበር፤ አሁን መሣሪያ እንዳይናገር እያደከመች ነው። አንዳንድ ቀን ያስቃታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የዚያ ሰውዬ ድምፅ እየወረደ፣ እየተጎተተ ሲሄድ ስትሰማ መንገድ ላይ የቀሩት ሰዎች ትዝ እያሏት ጆሮዋን ትይዛለች።

የጠዋቶቹ ልጆች ቶሎ ለመዱት። ሾርባ ያለበት ነገር ነው፤ እንግዶቹ ዳግም መጥተው ሲሰሟቸው ለእነሱም ይታዘዝላቸዋል። ያቃታት በለጡ ብቻ ነች። አንዴ በፍጥነት የገባላት ነገር በዝግታ አልወጣ አለ። ክፍሉ ሁሉ ገና «ጉ...ድ» ሲል እሷ ሾርባውን መልሳ ቁጭ ብላለች። እናቷ ቀን ቀን አስቀምጣ ታስጠናት ጀመር፤ እንግሊዝኛ የማታውቀው ቱርካ እጇን እንደ አዝማሪ ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ ቀስ በይ ልጄ፣ ጎትቺው፣ እንዳመመሽ ሆነሽ በይው ትላታለች። በለጡ ይህን ጊዜ በጣም ታፍር ነበር። መምህርቷን አንድ ቀን ብቻዋን አግኝታ፣ በትክክል ብናገር ሾርባ አይሰጠኝም? ብላ ጠየቀቻት። ያለምወርቅ ለጊዜው ነው አለቻት።

ብዙ ሳይቆይ ያ ፀሐይ የላጠው ወጣት ኸዋጃ ራሱ መጣ። ሾርባው እንዴት እንደሠራ፣ ልጆቹም እንዴት እንደበረቱ እንዲያይ ተልኮ ነው። ጠዋት ገባ። ክፍሉ ያጓራል። የከሰዓቶቹን አዳመጠ። እነሱም ያጓራሉ። እንዲያውም ሾርባ ከጀመሩ ወዲህ ጉልበት ስላገኙ ከበፊቱ ይበልጥ ያጓራሉ። ግራ ገብቶት በማግሥቱ ጠዋት ቴፑን ራሱ ከፈተው። ሚስተር ቴብል ሲንቋረር ሰማ። ፊቱ ከፀሐዩም በላይ ቀላ። መኪናው ላይ ሄዶ አንድ ካርቶን ሙሉ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ይዞ መጣና ሞላው።

ሚስተር ቴብል እንደ ጎልማሳ ሰው ቀልጠፍ ብሎ ገባ። ልጆቹ ደነገጡ። አንዳንዶቹ የሚስተር ቴብል ልጅ ነው የመጣው አሉ። በለጡ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ የምታውቀውን ድምፅ ሰምታ ብድግ አለች፤ ማንም ሳያዛት ከሰላምታው እስከ ሾርባው አንድም ሳትስት፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ወረደችው። ሰውየው አጨበጨበላት። ከዚያ ወደ አቶ መንግስቱ ዞሮ፣ ድካሙ የድንጋዩ እንጂ የልጆቹ ስላልሆነ ሾርባው የሚሰጥበት ምክንያት የለም፤ ይቆማል አለ።

ቴፑ ገና እየተናገረ ነበር። ያለምወርቅ ተራመደችና አጠፋችው። ከዚያ በጎንደር ማሠልጠኛ በተማረችው፣ ለረጅም ጊዜ ባልተነገረ፣ ዝገት በያዘ እንግሊዝኛ ተናገረች።

«ድንጋዩ ደክሞ ነበር፤ እውነት ነው። ልጆቹም ተርበዋል፤ እሱም እውነት ነው። ይችን ልጅ አየሃት? አቀላጥፋ ተናገረች። እስኪ ክንዷን ያዘው።»

ሰውየው የበለጡን ክንድ ያዘ። ጣቶቹ ተጋጥመው ትርፍ ቀራቸው። እጁን ቶሎ አነሣ። እሱ የሚመለከተው እንግሊዝኛውን ብቻ እንደሆነ፣ ምግብ የሚያድሉት ሌሎች እንደሆኑ፣ ሾርባው ከእንግሊዝኛው በኩል የመጣው በስሕተት እንደሆነ በሐዘን ነገራት። ወደ ሌሎቹ ቢጻፍ ደግሞ መልሱ ከክረምት በፊት አይደርስም።

ይህን ጊዜ ነው አቶ መንግስቱ ክራባታቸውን አጠበቅ አድርገው የተነሡት። ያለምወርቅ ትተርጉምልኝ ብለው በአማርኛ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ተናገሩ።

«ወይዘሪት ያለምወርቅ፣ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። እኚህ ሰው ራሳቸው ሲያሠለጥኑን፣ በቴፑ ውስጥ የሚጠራው ነገር በእውን ይታይ ብለው አዘዋል። በቴፑ ውስጥ ሾርባ ይጠራል። ስለዚህ ሾርባው ምግብ አይደለም። የትምህርት መሣሪያ ነው። የትምህርት መሣሪያ ደግሞ ለጠዋቱም ለከሰዓቱም እኩል ነው የሚሰጠው።»

ያለምወርቅ ቃል በቃል ተረጎመችው። ሰውየው መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብሎ አሰበበት። ጠመኔ ሲያልቅ ይላካል፤ ድንጋይ ሲያልቅ ይላካል፤ ሾርባ ሲያልቅ የማይላክበት ምክንያት አልታየውም። ይሆናል አለ። አቶ መንግስቱ ስለ ዓሣውም ጠየቁ። ዓሣው እንዳለቀ ካሴቱ ራሱ ስለሚናገር አያስፈልግም ተባለ፤ አቶ መንግስቱም ይህ ክርክር በሕግ ትክክል መሆኑን አምነው ተቀበሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ጠጣ። በቱርካ ጎጆ ያን ቀን እልልታ ተሰማ። አንድ እክል ብቻ ገጠመ። ሾርባው የትምህርት መሣሪያ በመሆኑ ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ መቅረብ ነበረበት፤ አቶ መንግስቱ ደግሞ ትምህርቱ እንደ ወረደ ካልተከናወነ አይሆንም አሉ። እያንዳንዱ ልጅ ሾርባውን ተቀብሎ፣ አንዴ ቀምሶ፣ ቀዝቅዟል ብሎ መመለስ አለበት። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ቀመሱ። ቀዝቅዟል አሉ። አስተናጋጅ ተደርጎ የተመረጠው ልጅ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ የለቀቀለት አልነበረም። አንዱ ጎድጓዳ ሣህኑን በሁለት እግሩ መሀል ቀብሮ አለቀሰ። አንዷ ትኩስ ነው፣ እኔ ምኑም አልቀዘቀዘብኝም ስትል በአማርኛ መሰከረች። ያለምወርቅ መላ ዘየደች፤ ከጠጡ በኋላ ይበሉት አለች። እንዲህም ተደረገ። ልጆቹ ሾርባቸውን ጭልጥ አድርገው፣ ሣህኑን ልሰው፣ ባዶውን ሣህን ወደ ላይ አንሥተው፣ በአንድ ድምፅ ሾርባው ቀዝቅዟል ይላሉ። አቶ መንግስቱ ከዳር ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ክረምቱ ገባ። ጥቁሩ መሬት ሎሪ የሚውጥ ጭቃ ሆነ። ቴፑ ዳሱ ሲያፈስ ውኃ ገብቶበት ዝም አለ፤ ሾርባው ግን ምክንያቱ ከሞተ በኋላም ማንም ሳያነሣበት እስከ መኸር ቀጠለ። ቱርካና በለጡ ዝናብ መዝነቡን ሰምተው ከሚመለሱት ጋር ወደ አገራቸው ተሣፈሩ። በለጡ ስትሄድ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። ያለምወርቅ ወባ ይዟት ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ተወሰደች። ስትድን እዚያው ከተማ ከሚኖሩ ሐበሾች አንዱ፣ አስፋው የሚባል የሎሪ መካኒክ፣ ልጆቻችን በዐረብኛ ብቻ አደጉብን፣ እባክሽ አስተምሪልን አላት። ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራዩላት። ግድግዳ ነበረው፤ ሰሌዳም ነበረው፤ መሣሪያ ግን አልነበረውም።

ዓመቱ ዞሮ እሷና አስፋው ተጋቡ። እዚያው ቀረች። ድምፅዋ በዚያ ዝም ባለችበት ወራት የተጠራቀመ ይመስል ጎልቶ፣ ከክፍሉ አልፎ ገበያው ውስጥ ይሰማ ነበር። ኡምሰልማ የምትባል ጎረቤቷ፣ ሰሊጥ የምታነፍስ ሱዳናዊት፣ በየቀኑ መስኮቱን ስለምታንኳኳባት አንድ ቀን ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ያለምወርቅ፣ ኡምሰልማ ድምፅሽን ቀንሺ ልትላት የመጣች መስሏት ነበር። የፈለገችው ግን ሀ ሁን ከመጀመሪያው እንድትደግምላት ነው፤ ትናንት ወንፊቱ ሲንቋቋ ሦስተኛዋ ፊደል አምልጣት ነበርና። ያለምወርቅ መስኮቱን በሰፊው ከፈተችው።